ፈታኞቹ ሲፈተኑ

ጁላይ 2 ቀን 1965 በአሜሪካ በቅጥር ላይ የሚፈጸም የዘር መድልዎን የሚከለክለው ሕግ ሥራ ላይ ዋለ። ዱክ ፓወር የተባለው የኤሌክትሪክ ኩባንያ በሰሜን ካሮላይና ድሬፐር በተባለች ስፍራ ባለው የኃይል ማመንጫ ጣቢያው አዲስ የቅጥር መመሪያ ያወጣው በዚያው ዕለት ነው። እስከዚያ ድረስ በጣቢያው ጥቁሮች የሚቀጠሩት በአንድ ክፍል፣ በጉልበት ሥራ ክፍል ብቻ ነበር። የዚያ ክፍል ከፍተኛው ደመወዝ ከሌሎቹ ክፍሎች ዝቅተኛ ደመወዝ ያንሳል። ሕጉ ሲመጣ «ጥቁር አልቀጥርም» ማለት ስለማይቻል፣ ኩባንያው ወደ ሌሎቹ ክፍሎች ለመግባት ከሁለተኛ ደረጃ ዲፕሎማ ሌላ ሁለት የጽሑፍ ፈተናዎችን መጠየቅ ጀመረ። አንዱ ዎንደርሊክ የሚባል የአእምሮ ችሎታ መለኪያ፣ ሌላው ቤኔት የሚባል የሜካኒክ ግንዛቤ መለኪያ ነበር። ሁለቱም ሥራውን ለመሥራት እንደሚያስፈልጉ ያረጋገጠ ማንም አልነበረም። እንዲያውም ከመመሪያው በፊት የተቀጠሩ ነጮች ያለ ዲፕሎማና ያለ ፈተና ሥራቸውን በደህና ይሠሩ ነበር። (እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት «ዓ.ም.» ካልተባለባቸው በስተቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ዊሊ ግሪግስ የተባለ ሠራተኛ ከ12 ባልደረቦቹ ጋር ሆኖ ከሰሰ። ጉዳዩ እየተንከባለለ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰና ማርች 8 ቀን 1971 ዳኞቹ ያለ ልዩነት ለከሳሾቹ ፈረዱ። ፍርድ ቤቱ በኩባንያው ልብ ውስጥ ክፋት ይኑር አይኑር ማረጋገጥ አላስፈለገውም። ያለው በአጭሩ ይህ ነው፦ አንድ የቅጥር ፈተና አንዱን ወገን ከሌላው አብልጦ የሚጥል ከሆነና ከሥራው ጋር ያለውን ግንኙነት አሠሪው ማስረዳት ካልቻለ፣ ፈተናው ሕገወጥ ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በአሜሪካ መሥሪያ ቤቶች ውስጥ አንድ ክፍል በድንጋጤ ተቀመጠ። ፈተናውን የሚያወጣው፣ የሚያርመው፣ «አልፈሃል፣ ወድቀሃል» የሚለው ያ ክፍል ነው። እኛ ዘንድ አንጋፋዎቹ ዛሬም «ፐርሶኔል» የሚሉት፣ በኋላ «የሰው ኃይል አስተዳደር»፣ አሁን ደግሞ «የሰው ሀብት» የተባለው። ለመሆኑ እነዚህ ሰዎች ራሳቸው ስለ ሥራቸው ማን ፈትኗቸው ያውቃል? ማንም። ፍርዱ በተሰጠ በ5ኛው ዓመት፣ በ1976፣ የሙያው ሰዎች ራሳቸውን የሚፈትኑበትን ተቋም ሥራ አስጀመሩ። ፍርዱ ብቸኛው ምክንያት ነው አልልም። ነገሩ ከዚያ በፊት ብዙ መንገድ ተጉዞ ነበር።

መንገዱ የሚጀምረው እንግሊዝ ውስጥ፣ ዮርክ በምትባል ከተማ፣ በቸኮሌት ፋብሪካ ነው። የፋብሪካው ባለቤቶች ራውንትሪ የሚባሉ፣ ኩዌከር የተባለው የክርስትና ወገን ተከታዮች ነበሩ። ከቤተሰቡ አንዱ ሲቦም ራውንትሪ የከተማውን ድሆች ቤት ለቤት አስጠንቶ በ1901 ስለ ድህነት መጽሐፍ ያሳተመ ሰው ነው። ፋብሪካው ውስጥ በብዛት የሚሠሩት ወጣት ሴቶች ስለነበሩ ጤናቸውን፣ ምግባቸውንና ማረፊያቸውን የሚከታተሉ ሴት ሠራተኞች ተመደቡ። የደኅንነት ሠራተኞች ይባሉ ነበር። በ1913 በዚሁ ፋብሪካ ከተለያዩ ድርጅቶች የተውጣጡ የደኅንነት ሠራተኞችና አሠሪዎች ተሰብስበው አንድ ማኅበር አቋቋሙ። በዓመቱ አንደኛው የዓለም ጦርነት ተነሣ። ወንዶቹ ወደ ግንባር ሲሄዱ ሴቶቹ ወደ ጥይት ፋብሪካ ገቡ፤ መንግሥትም በነዚያ ፋብሪካዎች የደኅንነት ሠራተኛ እንዲኖር ማዘዝ ጀመረ። ያንን ሥራ እንዲመራ የተጠራው ራሱ ሲቦም ራውንትሪ ነበር።

ማኅበሩ ከዚያ በኋላ ስሙን ደጋግሞ ቀያይሯል። በ1931 የሠራተኛ አስተዳደር፣ በ1946 የፐርሶኔል አስተዳደር ተቋም ተባለ፤ በ1994 ከሥልጠና ባለሙያዎች ተቋም ጋር ተዋሐደ። በ2000 ንጉሣዊ ቻርተር ተሰጥቶት ዛሬ ሲአይፒዲ በሚባል ስም ይታወቃል። የእንግሊዞቹ መንገድ ከአሜሪካኖቹ የሚለየው በአንድ ነገር ነው። እንግሊዝ ውስጥ ባለሙያ የሚያሰኘው በዋናነት በየደረጃው የሚወሰድ ትምህርትና የአባልነት ማዕረግ እንጂ በአንድ ጠዋት ኮምፒውተር ፊት ተቀምጦ የሚሠራ ፈተና አይደለም። ፈተናን የሙያው መግቢያ በር ያደረጉት አሜሪካኖች ናቸው።

አሜሪካ ውስጥ የሠራተኛ ክፍል የተወለደው ከደግነት ሳይሆን ከራስ ምታት ነው። ኦሃዮ ዴይተን ውስጥ የገንዘብ መመዝገቢያ ማሽን የሚሠራው ኤንሲአር በ1901 ከሠራተኞቹ ጋር ተጣልቶ ፋብሪካው ተዘጋ። ባለቤቱ ጆን ፓተርሰን ከዚያ በኋላ ቅሬታ የሚሰማ፣ ስንብትን የሚመረምር፣ የሥራ ደኅንነትን የሚከታተል ክፍል አቋቋመ። ፎርድም በ1913 የተጋፈጠው ችግር የታወቀ ነው። 14 ሺህ ያህል ሠራተኛ በሥራ ላይ ለማቆየት በዓመት ከ50 ሺህ በላይ ሰው መቅጠር ነበረበት፤ የመኪና መገጣጠሚያ ሰንሰለቱ ሥራ ስለሚያሰለች ሰው ገብቶ ይወጣል። በጃንዋሪ 1914 ሄንሪ ፎርድ የሠራተኛውን የቀን ገቢ 5 ዶላር አደረሰው። ገንዘቡ ግን ለሁሉም አልነበረም። «የሶሲዮሎጂ ክፍል» የሚባል ተቋቁሞ መርማሪዎቹ እየዞሩ የሠራተኛውን ቤት ንጽሕና፣ መጠጥ መጠጣቱን፣ ገንዘብ ማጠራቀሙን ይመዘግቡ ጀመር። የዛሬው የሰው ሀብት ኃላፊ ከቅድመ አያቶቹ መካከል የሰው ጓዳ የሚፈትሽ ሰው እንዳለ ቢያውቅ አይጎዳውም።

የ1935ቱ ሕግ ሠራተኞች በማኅበር የመደራጀት መብታቸውን ሲያረጋግጥ፣ ከዚያም ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ፋብሪካዎችን ሲያጥለቀልቅ፣ ከማኅበራት ጋር የሚደራደር፣ ደረጃና ደመወዝ የሚያወጣ ሰው በየድርጅቱ አስፈለገ። በ1948 እነዚህ ሰዎች የአሜሪካ የፐርሶኔል አስተዳደር ማኅበርን መሠረቱ። እስከ 1964 ድረስ ማኅበሩ ቢሮም ደመወዝተኛም አልነበረውም። በበጎ ፈቃደኞች ሲንቀሳቀስ ቆይቶ በዚያ ዓመት ኦሃዮ፣ ቤሪያ ከተማ ውስጥ ጽሕፈት ቤት ከፈተ።

ቁጥራቸው አደገ እንጂ ክብራቸው አላደገም። በ1954 ፒተር ድራከር ስለ አመራር ሥራ በጻፈው ዝነኛ መጽሐፍ ውስጥ የፐርሶኔል ሥራ ከስሯል ወይ ብሎ የሚጠይቅ ሙሉ ምዕራፍ አኖረላቸው። በእርሱ አስተያየት ሥራው እርስ በርሱ የማይገናኝ የቁርጥራጭ ጥርቅም ነው፤ ትንሽ የማህደር ጸሐፊነት፣ ትንሽ የቤት አያያዝ፣ ትንሽ የማኅበራዊ ሠራተኛነት፣ ትንሽ ደግሞ ከማኅበራት የሚነሣ እሳት ማጥፋት። ይህ አነጋገር አንጀት ያሳርራል፤ የሚያሳርረው ደግሞ እውነትነት ስላለው ነው። መሐንዲሱ ቀመር አለው፣ ሒሳብ ሠራተኛው መዝገብና ፈቃድ አለው፣ ጠበቃው ችሎት አለው። ፐርሶኔሉ ምን አለው? የማህደር ቁልፍ።

በ1960ዎቹ ማኅበሩ ይህንን ጥያቄ ከኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ ፊት ለፊት ገጠመው፦ የእኛ ሥራ በእርግጥ ሙያ ነው? ለመልሱ መለኪያ የሆኑት አምስት ነገሮች ነበሩ። ሰዎች ሙሉ ጊዜያቸውን የሚሠሩት ሥራ መሆን አለበት። የሚያስተምሩት ትምህርት ቤቶችና የተወሰነ የዕውቀት ክልል ሊኖረው ይገባል። አገር አቀፍ ማኅበር፣ የሥነ ምግባር ደንብ፣ በመጨረሻም ብቃትን የሚያረጋግጥ ሥርዓት ያስፈልገዋል። ማኅበሩ ነበራቸው፤ ሥራውም ሙሉ ጊዜ የሚወስድ ነበር። ከሁሉም የከበደው «የተወሰነ የዕውቀት ክልል» የሚለው ነው። ክልሉ ካልታወቀ ከምኑ ላይ ፈተና ይወጣል?

እዚህ ላይ ያገዛቸው የአሜሪካ ምክር ቤት ነው። በአሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ የሕግ ዶፍ ወረደባቸው። በ1963 ለእኩል ሥራ እኩል ክፍያ፣ በ1964 የዜጎች መብት፣ በ1967 የዕድሜ መድልዎ፣ በ1970 የሥራ ቦታ ደኅንነት፣ በ1974 የጡረታ ዋስትና ሕጎች ወጡ። እያንዳንዱ ሕግ የራሱ ቅጽ፣ የራሱ የጊዜ ገደብ፣ የራሱ ቅጣት ነበረው። ከዚያ ላይ የግሪግስ ፍርድ ሲጨመር ትናንት የልደት ካርድ ያድል የነበረው ክፍል ድርጅቱን ከሚሊዮን ዶላር ክስ የሚያድን ወይም ክስ ውስጥ የሚከት ሆነ። የሙያው ዕውቀት ክልል በአብዛኛው የተሠመረው በምሁራን ወንበር ሳይሆን በፍርድ ቤት ፍርሃት ነው ብዬ አምናለሁ። ይህም በፈተናው ላይ የማይለቅ አሻራ ትቷል።

በ1976 ሥራ የጀመረው የፈተና ተቋም በመጀመሪያ ስሙ በማኅበሩ ስም የሚጠራ የእውቅና ተቋም ነበር። እናቲቱ ማኅበር በ1984 ጽሕፈት ቤቷን ወደ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ አዛወረች። በአሥርቱ ዓመት ማብቂያ ደግሞ ስሟን ለውጣ የሰው ሀብት አስተዳደር ማኅበር ሆነች፤ የአሜሪካ ሰዎች በአጭሩ «ሸርም» ይሏታል። ልጁም አብሮ ስሙን ቀይሮ የሰው ሀብት ማረጋገጫ ተቋም፣ ኤችአርሲአይ ተባለ። በሕግ ፊት ልጁ ራሱን የቻለ ድርጅት ነው። ፈተናውን የሚያወጣ አካል የመሰናዶ መጽሐፍ ከሚሸጠው አካል መለየት አለበት የሚል ጥሩ ምክንያት ነበረው። ዳሩ ግን ሁለቱ ለዐሥርት ዓመታት በአንድ ሕንፃ ውስጥ ኖሩ። ይህ በኋላ ዋጋ ያስከፍላል።

ከፈተናዎቹ ሁለቱ ሥር ሰደዱ። ፒኤችአር ዕለታዊውን ሥራ ለሚሠራ ባለሙያ፣ ኤስፒኤችአር ደግሞ ዕቅድና ስልት ለሚነድፍ አንጋፋ የተዘጋጀ ነው። በ2004 ድንበር ተሻግረው ለሚሠሩ ጂፒኤችአር ተጨመረ። ካሊፎርኒያ የራሷ የሥራ ሕግ ብዛት ስላላት ለብቻዋ ፈተና ወጣላት። በ2016 ደግሞ ልምድ ለሌላቸው ጀማሪዎች ኤፒኤችአር መጣ።

ፒኤችአርን ያጠና ሰው የሚያስታውሰው ቁጥሮችን ነው። የዘር፣ የሃይማኖትና የጾታ መድልዎ ሕጉ የሚመለከተው 15 ሠራተኛ ያለውን አሠሪ ነው። የዕድሜው ሕግ 20 ሠራተኛ ያለውን ይይዛል፤ የሚጠብቀውም 40 ዓመት የሞላውን ሰው ነው። የቤተሰብና የሕክምና ፈቃድ ሕጉ 50 ሠራተኛ ላለው አሠሪ 12 ሳምንት ይላል፤ ያለ ክፍያ። ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ የሚያሰናብት፣ 100 ሠራተኛ ያለው ድርጅት 60 ቀን ቀድሞ ማስታወቅ አለበት። ሥራ ላይ ሰው ከሞተ በ8 ሰዓት ውስጥ ሪፖርት ይደረጋል። አሜሪካ የገባ ኢትዮጵያዊ ሁሉ በመጀመሪያው የሥራ ቀን የሚሞላት አይ-ናይን የምትባል ቅጽ አለች። የአሠሪው ክፍል ሥራ በተጀመረ በ3 የሥራ ቀን ውስጥ መሞላት አለበት፤ ቅጹም ከቅጥር በኋላ 3 ዓመት ወይም ከስንብት በኋላ 1 ዓመት፣ ከሁለቱ የዘገየው እስኪደርስ ይቀመጣል። መታወቂያህን ተቀብላ ፎቶ ኮፒ ያደረገችው ሴትዮ ይህንን ተፈትናበት ይሆናል።

ፈተናው ለዓመታት 175 የምርጫ ጥያቄ ነበር፤ 3 ሰዓት ይሰጠው ነበር። ከነዚህ ውስጥ 25ቱ ነጥብ አይቆጠርባቸውም። ለወደፊት ፈተና የሚሞከሩ ናቸው፤ የትኞቹ እንደሆኑ ግን ተፈታኙ አያውቅም። ከግሪግስ ትምህርት መውሰዳቸው እዚህ ላይ ይታያል። ጥያቄ ጸሐፊዎቹ እንዳሻቸው አይጽፉም። በየጥቂት ዓመቱ በሥራው ላይ ያሉ ሰዎች ምን እንደሚሠሩ፣ ምን ያህል ጊዜ እንደሚሠሩት፣ ቢሳሳቱ ምን ጉዳት እንደሚመጣ ይጠየቃሉ፤ ጥያቄዎቹም በዚያ ልክ ይመጠናሉ። ዱክ ፓወር ያላደረገው ይህንኑ ነበር። የማለፊያ ነጥቡም ባለሙያዎች ስለ እያንዳንዱ ጥያቄ ክብደት ተነጋግረው የሚወስኑት ነው። አልፎ የተገኘ ሰው ደግሞ ዕድሜ ልኩን አልፎ አይኖርም። በ3 ዓመት ውስጥ 60 ነጥብ የሚያስገኝ ሥልጠና መውሰድ ወይም ዳግም መቀመጥ አለበት።

የምስክር ወረቀቱን ዋጋ የጨመረው መንግሥት አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ፀጉር ለመቁረጥ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ አንድ ሺህ ሰው ለመቅጠርና ለማሰናበት ግን ምንም ፈቃድ አያስፈልግም። ወረቀቱን ያነገሠው የሥራ ማስታወቂያ ነው። «ፒኤችአር ያለው ይመረጣል» የምትለው መስመር በየማስታወቂያው ስትደጋገም ሰው ይመዘገባል፣ የመሰናዶ መጽሐፍና ሥልጠና ይሸጣል፤ ማስታወቂያውን የሚጽፈው ደግሞ ብዙ ጊዜ ወረቀቱን የያዘው ራሱ ባለሙያው ነው። በ2014 ወረቀቱን የያዙት ከ100 በሚበልጡ አገሮች ወደ 135 ሺህ ደርሰው ነበር።

በዚያው ዓመት በሜይ እናትና ልጅ ተጣሉ።

ሸርም የራሷን አዲስ ማረጋገጫ እንደምታወጣና ለ38 ዓመት ያስተዋወቀችውን የልጇን ፈተና መደገፍ እንደምታቆም አስታወቀች። ዜናው ለኤችአርሲአይ ዱብ ዕዳ ነበር፤ ያውም እዚያው ሕንፃ ውስጥ ተቀምጦ። የሸርም ምክንያት አሳማኝ ጎን አለው። ነባሩ ፈተና የሚለካው የምታውቀውን ነው፤ ዛሬ የሚያስፈልገው ግን የምታደርገው ነው አለች። ያጠናችው የብቃት ሞዴል ዘጠኝ ነገሮችን ይዘረዝራል። ከነዚህ ውስጥ የሙያው ዕውቀት አንዱ ብቻ ነው፤ ስምንቱ ጠባይና ክህሎት ናቸው። አመራር፣ ሥነ ምግባር፣ ተግባቦት፣ የንግድ ሥራን መረዳት፣ የመሳሰሉት።

የቀረው ጎን ገንዘብ ነው፤ ይህንን ላለመናገር መጠንቀቅ አያስፈልግም። የፈተና ክፍያው በመቶዎች ዶላር ነው፤ ከፈተናው ጋር የመሰናዶ ጥናቱ፣ ዳግም የማረጋገጫው ሥልጠና፣ የጉባኤው ትኬት ይያያዛል። ሸርም ነባሩን ወረቀት ለያዙ ሁሉ በር ከፈተች። እስከ 2015 መጨረሻ ድረስ በኢንተርኔት አጭር ማብራሪያ ተከታትለው የሥነ ምግባር ደንቡን ከተቀበሉ፣ ያለ ፈተናና ያለ ክፍያ አዲሱን ማዕረግ መውሰድ ይችሉ ነበር። ይህ ብልሃት ነው፤ ተቋሙ አንድም ሰው ሳይፈትን ሺዎችን በስሙ ሥር አሰባሰበ። ጠባይን እለካለሁ ብሎ የተነሣ ተቋም የመጀመሪያዎቹን ብዙ ሺህ ሰዎች ጠባይ ሳይለካ መቀበሉ ግን እስካሁን ጥሩ መልስ ያላገኘ ነገር ነው።

ፈተናው ራሱ በ2015 ተጀመረ። አዲስነቱ የሁኔታ ጥያቄዎቹ ላይ ነው። አንድ የሽያጭ ኃላፊ ከሁሉም የበለጠ ገቢ ያስገባል እንበል፤ ሦስት የሥሩ ሠራተኞች ግን ይሰድበናል ብለው አመልክተዋል። ሥራ አስኪያጁ «እስከ ዓመቱ መጨረሻ ዝም በሉ» ይላል። አንተ የሰው ሀብት ኃላፊ ነህ፤ መጀመሪያ ምን ታደርጋለህ? አራት አማራጮች ይሰጣሉ፤ አራቱም ሰው የሚያደርጋቸው ናቸው፤ አንዱ ግን ይሻላል። የተሻለው የትኛው እንደሆነ የሚወሰነው ልምድ ባላቸው ባለሙያዎች ድምፅ ነው። የተሻለውን መልስ ማወቅ ግን አድርጎ ከማሳየት የሚለይ ነገር ነው። ፈተና ክፍል ውስጥ «ሥራ አስኪያጁን በግልጽ እነግረዋለሁ» የሚለውን ምረጥ ሲሉት የማይመርጥ ማን አለ? ቢሮ ውስጥ የልጆቹ ትምህርት ቤት ክፍያ ያለበት ሰው በሥራ አስኪያጁ ፊት ቆሞ ነው ይህን የሚለው።

ኤችአርሲአይ ሕንፃውን ለቅቆ እዚያው አሌክሳንድሪያ የራሱን ቢሮ ያዘ። እስከ ዛሬ ሁለቱም አሉ። አንዱ ፈተናው በአንድ አገር አቀፍ የእውቅና አካል፣ ሌላው በሌላ አካል ተመርምሮ ጸድቋል፤ አንዱ የዕውቀት፣ ሌላው የጠባይ ነኝ ይላል። ከጊዜ በኋላ ግን እየተመሳሰሉ ሄዱ። ኤችአርሲአይ የሁኔታ ጥያቄ አበዛ፤ የሸርምም ፈተና ከግማሽ በላዩ የዕውቀት ጥያቄ ነው። የሥራ ማስታወቂያዎች «ፒኤችአር ወይም የሸርም ማረጋገጫ» እያሉ ሁለቱንም መጻፍ ያዙ፤ ወጣቱ ባለሙያ ደግሞ የትኛውን ልውሰድ እያለ ይጨነቃል። አሌክሳንድሪያ ብዙ ሐበሻ የሚኖርባት ከተማ ስለሆነች ይህ ጭንቀት በአማርኛም የሚወራ ነው።

ከዚህ ሁሉ ታሪክ ውስጥ እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ሁለቱም ያልነኩት ነገር ነው። ጠበቃ ደንበኛውን ቢከዳ ፈቃዱን ይነጠቃል፤ ከዚያ በኋላ ችሎት አይቆምም። የሰው ሀብት ኃላፊ ቅሬታ ያቀረበችን ሠራተኛ ስም ለአለቃዋ አሳልፎ ቢሰጥ፣ ተቋሙ ወረቀቱን ሊሰርዝበት ይችላል። ሰውየው ግን በማግሥቱ ያንኑ ወንበሩን ስቦ ይቀመጣል። በአሜሪካ የተሠራው ሙያ መግቢያ በር እንጂ መውጫ የለውም። የዕውቀቱን ክልል ለመወሰን ግማሽ ምዕተ ዓመት ተለፍቷል፤ ባለሙያው ደመወዝ ከሚከፍለው ሰው ሌላ ለማን እንደሚጠየቅ ግን አልተወሰነም።

ሌሎች ሞክረዋል። የካናዳዋ ኦንታሪዮ በ2013 ለዚህ ሙያ የተለየ ሕግ አወጣች። የሙያ ማኅበሩ ማዕረጎቹን በሕግ ያስከብራል፣ አባላቱን በዲሲፕሊን ይከሳል። ይሁንና አባል ሳይሆኑ በሙያው መሥራት አልተከለከለም። ጎረቤታችን ኬንያ ከዚህ ገፋ አድርጋ ሄደች። በ2012 የወጣው ሕግ ባለሙያው እንዲመዘገብና የሥራ ምስክር ወረቀት እንዲይዝ ይጠይቃል፤ ለሙያው ፈተና የሚያወጣ የራሱ ቦርድም አለው። ናይጄሪያ ደግሞ ገና በ1992 የሙያ ተቋሟን በሕግ አጽንታለች። እነዚህ ሕጎች በተግባር ምን ያህል ይከበራሉ የሚለው ለብቻው መጻፍ ያለበት ጉዳይ ነው። ሆኖም ጥያቄውን ከገበያ ወደ ሕግ አምጥተውታል፤ ዋናውም እሱ ነው።

እኛ ዘንድ የመንግሥት ሠራተኞችን ቅጥርና ደረጃ በማዕከል የሚመራ መሥሪያ ቤት የተቋቋመው በ1954 ዓ.ም. በንጉሠ ነገሥቱ ትእዛዝ ነው። ከዚያ ወዲህ ስሙና ቤቱ ከሥርዓት ሥርዓት ሲለዋወጥ ኖሯል። ኦዲተርና ጠበቃ ፈቃድ ያወጣሉ። የሰው ሀብት ኃላፊ የሚያወጣው ፈቃድ የለም፤ በማኔጅመንት ዲግሪውና በልምዱ ይቀጠራል። ዓለም አቀፍ ድርጅት ወይም ባንክ ውስጥ የሚሠራው ወጣት ደግሞ ወደ አሜሪካና እንግሊዝ ፈተናዎች ዓይኑን ይጥላል፤ በዶላር የሚከፈል መሆኑም አያቆመውም።

ለዚህ ወጣት አንድ ነገር ልንገረው። ፒኤችአር የሚጠይቀው የአሜሪካን ሕግ ነው። በዚያ ሕግ አሠሪ በአብዛኛው ያለ ምክንያት ማሰናበት ይችላል፤ የወሊድ ፈቃድም በፌዴራል ደረጃ ያለ ክፍያ ነው። በእኛ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዓ.ም. ግን ስንብት በቂ ምክንያት ይፈልጋል፣ የሙከራ ጊዜ 60 የሥራ ቀን ነው፣ ወላዷ 120 ቀን ከነደመወዟ ታርፋለች። በተሸመደደው የአሜሪካ ሕግ አዲስ አበባ ላይ ሰው ያሰናበተ ኃላፊ ድርጅቱን ፍርድ ቤት ያቆመዋል። ስለዚህ የምትፈተን ከሆነ የአሜሪካ ሕግ የሌለበትን፣ ለሌላው ዓለም ተብሎ የተዘጋጀውን ፒኤችአርአይ ምረጥ። ከመመዝገብህም በፊት 1156ን ከዳር እስከ ዳር አንብብ፤ እሱ ላይ የሚፈትንህ የምስክር ወረቀት እስካሁን የለምና ራስህ ፈታኝ መሆን ይኖርብሃል።